ለአባዬ፣ ስልኩ ስላላግባባን

አባዬ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

በስልክ መነጋገር እንዳልሆነልን አንተም ታውቃለህ። «መድኃኒትህን ወሰድክ?» ስልህ «አዎ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው» ትለኛለህ። እንስቃለን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ አይቆይም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ወንድሜ በትልልቁ አትሞ ያመጣልሃል። መነጽርህን አድርግና ብቻህን አንብበው።

ባለፈው ቅዳሜ የደሴ ልጆች እዚህ ቨርጂኒያ ተገናኝተን ነበር። የጠራን ለቅሶ ነው፤ የማን እንደሆነ ወንድሜ ይነግርሃል። ቡናው ሲፈላ ወሬው ወደ ድሮ ሄደ። ከሸዋ በር እስከ ሆጤ ያልተነሳ ሰው የለም። ስለ ላሊበላ የኪነት ቡድን ተወራ፣ ስለ ዘፋኟ ማሪቱ ለገሰ ተወራ፣ ማን ማንን አሠለጠነ በሚል ሁለት ሽማግሌዎች ሊጣሉ ደረሱ። ዞሮ ዞሮ ነገሩ አንተ ጋ፣ ሙዚቃ አስተማሪያችን ጋ መጣ።

አንዱ ተነስቶ ጠረጴዛውን በማስመሪያ ስትመታ የነበረውን ቁጭ አደረገው። ሌላዋ ደግሞ ክራሩን ይዘህ ጀርባህን የምትሰጠንን አስታወሰችን። ጣትህን እንዳናይ ነበር። ትዝታን ትቃኝና ትመታለህ። ከዚያ ክሩን ቀስ አድርገህ ጠምዘዝ ታደርግና «አሁንስ?» ትላለህ። ባቲ ከሆነ ሁላችን እንጮኻለን። አምባሰልም አያመልጠንም። ባቲም አምባሰልም የወሎ ቅኝቶች ናቸው፤ ካላወቅናቸው ማን ያውቃቸው? አንቺሆዬ ላይ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የአርመኖቹም ታሪክ ተነሳ። ሌላው አስተማሪ ስለ አብዮት ሲያወራ፣ አንተ በር ዘግተህ ራስ ተፈሪ በ1916 ኢየሩሳሌም ሄደው ስላመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ትነግረን ነበር። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደሠራ፣ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ አንተን አዲስ አበባ ኖታ እንዳስቆጠረህ። «ስለዚህ እናንተ የነርሲስ የልጅ ልጆች ናችሁ» ትል ነበር። ይህቺን አንድም ሰው አልረሳትም።

ከዚያ ያ ትራምፔት ነፊው፣ አሁን መሐንዲስ ሆኗል፣ «የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛልኝ የሷ አባት ነው» አለ። እንባው መጣ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ፈገግ አልኩ። ምን ልበል?

አባዬ፣ ላሳደግከኝም ላስተማርከኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ግን የ1976ቱን ክረምት ደግሞ ልንገርህ።

ለመስከረም 2፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንለማመድ ነበር። ከሰሜን የመጣው ርሃብተኛ መንገድ ዳር ወድቆ፣ እኛ አዳራሽ ውስጥ የድል ዜማ እናጠናለን። አኮርዲዮኑ የኔ ነበር። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት አስቆምከኝና «ጆሮሽ ልክ አይደለም፣ አውርጂው» አልከኝ። ማንገቻው ጸጉሬን ይዞ ስላስቸገረኝ ማውረዱ ራሱ ጊዜ ወሰደ። ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። አንተም ትጠብቃለህ። ከዚያ ለማን እንደሰጠኸው ታውቃለህ። ለቅሶው ላይ እሷም ነበረች። ወሬው ወደዚያ በዓል ሲጠጋ ስኒ ልታጥብ ተነስታ ሄደች።

እማዬ ያን ክረምት እንዴት እንደነበረች ታውቃለህ። ሌሊቱን ከአልጋዋ አጠገብ ማን ያድር እንደነበረም ታውቃለህ። ለሰው ልጅ ጫማ የገዛ ሰው የራሱን ልጅ «ተኝተሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያቅተዋል? ከዚያ በኋላ አንተ ባለህበት አንድ ዜማ አላንጎራጎርኩም። ለምን ብለህም አልጠየቅከኝም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስሟን በትክክል መጥራት አቅቷታል። ትልቁ ትምህርት ቤት ባንድ ገብቶ ትሮምቦን ጀምሯል። ከሱ ቁመት ይረዝማል፤ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁሞታል። ጎረቤት እስካሁን ፖሊስ አልጠራም። «አያቴ በዱላ ነው በእጁ ነበር የሚመራው?» አለኝ። በማስመሪያ አልኩት።

እሺ፣ ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። ወንድሜ የነገረኝ ስለ ክራሩ ነው። ሁለቱ ክሮች ላልተው ወርደዋል፤ አንተ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ትመታዋለህ አለኝ። አላመንኩትም። ቀድቶ ላከልኝ። በረንዳ ላይ ቆመህ አዳራሽ ውስጥ የተሳሳተውን ትራምፔት በስሙ ትጠራ የነበርከው አንተ ነህ፣ አባዬ።

ምናልባት የጆሮ ኩክ ብቻ ይሆናል። ማየት ግን አለበት። ሐሙስ ወንድሜ ሐኪም ጋ ይወስድሃል። በመኪና አይሆንም፣ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ነው። የስኳሩ መድኃኒት በእጅህ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። የጆሮ ማዳመጫውን «ያፏጫል» ብለህ መሳቢያ ውስጥ ጥለኸዋል አሉ። የሚያፏጨው ጆሮህ ላይ በደንብ ስላልገጠመ ሊሆን ይችላል፤ ያስተካክሉልሃል። ባትሪውን ደግሞ ባንዴ ሁሉንም አትላጥ! ብርቱካናማዋ ወረቀት ከተነሳች አየር ይገባውና ባትጠቀምበትም ያልቃል። አንዱን ብቻ ላጥ፣ አንድ ደቂቃ ያህል አቆየው፣ ከዚያ አስገባው። ሌላ ልኬልሃለሁ።

ክራሩንም ይዘኸው ሂድ። ወንድሜ ከሐኪሙ ቤት ስትወጣ ይቃኝልሃል፤ እንዳትቆጣው።

ስለ አኮርዲዮኑ መልስ እፈልጋለሁ። በወንድሜ በኩል አይደለም። በራስህ እጅ ጻፍልኝ።

ልጅህ