የድሬ ሰው አይሰራም ላላችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ባለፈው እትማችሁ "ድሬዎች ከምሳ በኋላ አይሰሩም" ያለው ሰውዬ አናዶኝ ነው የምጽፈው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የት ነበር? ደቻቱ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ኳስ የምንጫወትበት፣ ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ውሃው የገባው ግን እኛ ቤት። ሲነጋ አካፋ ያለው በአካፋ የሌለው በሳፋ ጭቃ ሲዝቅ ነበር፣ አንዷ ጎረቤታችን የሱቋን በር ከደለል ውስጥ ቆፍራ አውጥታ፣ አጥባ፣ ድንጋይ ላይ አጋድማ በሳምንቱ ሻይ ሸጠችበት። በርጫ እንወዳለን አልክድም፣ ሙቀቱስ መች ያሰራል! ያን ሰሞን ግን በርጫውም ቀርቶ ነበር።

አንድ የከዚራ ልጅ