ሲንጀር እንግዛላቸው፦ ከግንባር ለተመለሱ ልጆቻችን የቅሬያችን ጥሪ

ሰላም የሰፈር ልጆች፣ ደሴ ያላችሁም ኮምቦልቻም ሐይቅም፣ ሳዑዲና ዱባይ ያላችሁትም እንዴት ናችሁልን። ቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈራችን እድር፣ አንድ ስራ ጀምሯል፣ ብቻውን ግን አልቻለውም።

ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ከሰራዊት ተሰናብተው የገቡ ልጆች አሉን፣ ከዛ በፊት ቆስለው የመጡም አሉ፣ ሲመጡ በግ አርደን ተቀበልናቸው ከዛ እኛ ወደየስራችን ስንሄድ እነሱ ቤት ቀሩ። ጓድ ሲመራ የነበረ ልጅ አሁን ለካርድ ከእናቱ ብር ይጠይቃል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ወይ ሰርግ ላይ ርችት ሲተኮስ ዘሎ ይነሳል፣ ቀን ጫት ይይዛል ጫቱ ደግሞ የቀረችውን እንቅልፍ ይወስድበታል፣ ሳይተኛ ያደረ ሰው ስራ ቢያገኝም አይበረክትም፣ ሲባረር ደሞ "ድሮም አልረባም" ብሎ ያርፈዋል። ሰው ሰነፉ ይላል፣ ኧረ ስንፍና አይደለም፣ ህክምና ያለው ነገር ነው።

የሰፈራችን ልጅ የሆነች የአእምሮ ጤና ነርስ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በነፃ ታያቸዋለች። ሮዘንበርግ የሚባል የሶሺዮሎጂ ምሁር በፈረንጆቹ 1965 ያወጣው 10 ዓረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ አላት፣ ሰው ለራሱ ምን ያህል ግምት እንደሚሰጥ ያሳያል፣ አንዳንዴ የማልጠቅም ሰው ነኝ ብለህ ታስባለህ ወይ አይነት ነገር አለበት፣ እዛ ጋ ሲደርሱ ዝም የሚሉት ይበዛሉ። ክኒን የታዘዘላቸውንም ትከታተላለች፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለው የድብርት መድሃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ በሦስተኛው ቀን አልሰራም ብለው ይጥሉታላ።

ግን ልጆቹ ራሳቸው የሚሉት ስራ ስጡን ነው። በየወሩ ብር እናዋጣላቸው ያሉ ነበሩ፣ እኔ አልተስማማሁም፣ ምፅዋት ሲለመድ አንገት ያስደፋል። መጀመሪያ ብየዳ አሰብን፣ ግራይንደሩ ሲጮህ አንዱ ጥሎ ወጣ፣ ተተወ። ከዛ ልብስ ስፌት ተመረጠ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ክረምት ላይ ትዕዛዝ አይጠፋም።

አዳራሹን ቅሬው ሰጥቷል፣ መብራት ገብቷል፣ ያለን ግን አንዲት በእግር የምትረገጥ ሲንጀር ናት። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፣ ሁለቱ ልጆች እግራቸውን ያጡ ናቸው፣ አርቴፊሻል እግር ተሰርቶላቸዋል አልሃምዱሊላህ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ፔዳል መርገጥ አይሆንላቸውም። ስለዚህ የምንፈልገው ባለሞተር የስፌት መኪና ነው፣ 4 ቢገኝ፣ 1 ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም መኪና)፣ ካውያ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛና የመጀመሪያውን ጨርቅ መግዣ። የየትኛው ጦር አባል ነበር፣ ማን ማንን ወጋ የሚል ጥያቄ እዚህ ቤት አይነሳም፣ ሐጂውም ቄሱም በዚህ ተስማምተው ነው የመረቁት።

ብሩ የሚገባው በቅሬው ስም በተከፈተው አካውንት ብቻ ነው፣ በግል ስልክ ላኩ የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። 50 ብርም 50 ሺም ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ደረሰኙ የቅሬው ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ብር የሌላችሁ ደሞ አብሽሩ፣ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ መኪና ካለ እንወስዳለን፣ ሞተር ይገጠምለታል፣ ልብስ ሰፊዎች በሳምንት ግማሽ ቀን መጥታችሁ ብታስተምሩልንም ትልቅ ነገር ነው። የትምህርት ቤት ሰዎች ዩኒፎርም የምታሰፉ ከሆነ ከሰኔ በፊት ንገሩን፣ ልኬት ለመውሰድ እኛው እንመጣለን።