እማዬ፣ ስልኩን ዝጊበት

እማዬ እንደምን አለሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ብርዱ ቀለል አለ? እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ደውዬ ሳወራሽ እሺ እሺ ብለሽ ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ ስለምትሄጂብኝ ነው በቴሌግራም የጻፍኩልሽ፣ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ጎረቤትሽ ላይ የደረሰውን ከነገርሽኝ ጀምሮ ሀሳቡ አልለቀቀኝም። ሰውየው "ከባንክ ነው፣ አካውንትዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተያያዘ ዛሬ ሊዘጋ ነው" አላት፣ በስሟ ጠራት፣ እናቴ እናቴ እያለ በትህትና አናገራት፣ ከዛ ስልክሽ ላይ በሜሴጅ የገባውን ቁጥር ንገሪኝ ሲላት ነገረችው፣ በቃ፣ ብሯ ሄደ። ባንኮቹ እውነትም ከፋይዳ ጋር አያይዙ ስለሚሉ እኮ ውሸቱ እውነት መሰለ። ሰፈር ውስጥ "እንዴት ትሞኛለች" እያሉ ነው ያልሽኝ በጣም ነው ያናደደኝ። እሷ ሞኝ ሆና አይደለም፣ ጨዋ ስለሆነች ነው፣ እነዚህ ሰዎች ሰውን የሚይዙት በይሉኝታው ነው። አንቺ ደግሞ ከሷም ትብሻለሽ፣ ሰው እያወራ ስልክ መዝጋት ነውር ነው ብለሽ ነው ያሳደግሽን። ለነዚህ ግን ነውር የለም እማዬ፣ እያወራ ዝጊበት፣ ቻው እንኳን አትበይው። ባንኩ እውነት ፈልጎሽ እንደሆነ ራስሽ ወደ ንግድ ባንክ 951 ደውለሽ ትጠይቂያለሽ፣ ወይ ቅርንጫፉ ሄደሽ።

የእቁቡ ብር ባንቺ ቴሌብር ስለሚያልፍ ደግሞ ይሄን ልብ በይልኝ። "5000 ብር ገብቶልዎታል" የሚል ሜሴጅ ይመጣል፣ ወዲያው አንዱ ይደውልና "እናቴ በስህተት ነው የላክሁት፣ የመድኃኒት መግዣ ነው፣ በማርያም መልሺልኝ" ይላል፣ የሚያለቅስም አለ። አንቺ ሆድሽ ይባባል አውቅሻለሁ። ሜሴጁን ከላይ እዪው፣ ቴሌብር ሲልክልሽ 127 ነው የሚለው፣ በ09 ወይ በ07 ከሚጀምር ተራ ስልክ ከመጣ ሰውየው ራሱ ጽፎ የላከው ነው። 127 ቢልም በሜሴጁ ብቻ አትመኚ፣ *127# ብለሽ ሂሳብሽን እዪ፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የተባለው ብር እዛ ከሌለ አልገባም ማለት ነው። እውነት ተሳስቶ የላከ ሰው ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ 127 ደውሎ ያመልክት እንጂ አንቺ ከእጅሽ አውጥተሽ አትላኪ። ፒንሽን ግን ለማንም አትስጪ፣ እኔ ነኝ ብሎ ለሚደውልም።

ቴሌግራም ላይ "የእህትሽ ልጅ ውድድር ላይ ናት ምረጪላት" ብሎ ሊንክ የሚልክልሽ ቢመጣ፣ ከምታውቂው ሰው ስም ቢመጣም አትንኪው። ሊንኩ ስልክ ቁጥርሽን ይጠይቅሽና ቴሌግራም የላከልሽን ኮድ አስገቢ ይልሻል፣ ኮዱ ያለበት ሜሴጅ ራሱ ለማንም አትስጡ ይላል፣ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ላታነቢው ትችያለሽ። ያንን ካገኙ በስምሽ ገብተው ለእቁብተኛው በሙሉ "ቸግሮኝ ነው ትንሽ ብር ላኩልኝ ነገ እመልሳለሁ" ይላሉ፣ ሰው ደግሞ ያከብርሻል፣ ይልካል። እኔ እንደሱ ብዬ ከጻፍኩልሽም ሳትደውይና ድምፄን ሳትሰሚ ሳንቲም እንዳትልኪ። ከውጭ ዕቃ መጥቶልሻል ቀረጥ ክፈይ፣ ሎተሪ ደርሶሻል፣ ብርሽን በወር እጥፍ እናደርጋለን የሚሉትም ያው አታላዮች ናቸው፣ መልስም አያስፈልጋቸውም።

እና አንድ ቀን ቢያታልሉሽ፣ አይበልብሽና፣ አትደብቂኝ። ማታም ቢሆን ደውይልኝ፣ ከኔ በፊት ግን 951 ወይ 127 ደውለሽ አካውንትሽን አዘጊው፣ ብሩ ሌላ ቦታ ሳይሻገር በቶሎ ማስቆም ነው ዋናው፣ ከዛ ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን። አልቆጣሽም።

እሁድ ስመጣ ቴሌግራምሽ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገባልሻለሁ፣ ኮዱን ቢያገኙ እንኳን ያለሱ አይገቡም። ጎረቤትሽንም ስልኳን ይዛ ትምጣ በያት፣ የሷንም አብሬ አስተካክላለሁ።

ልጅሽ