የዳታቤዝ መጽሐፍ በውፍረቱ አይመዘንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት ዳታቤዝ (በኮምፒውተር የሚደራጅ የመረጃ ቋት) ላይ ሲደርስ «የቱን መጽሐፍ ልያዝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ጓደኛ በፍላሽ የሚያቀብለው ፒዲኤፍ፣ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ተጠርዞ የተቀመጠ ባለ 800 ገጽ ጥራዝ። ወፍራም ስለሆነ ሁሉን የያዘ ይመስላል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያለው ምሳሌ አልሠራ ሲል ግን ተማሪው ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ «ለዚህ ነገር ጭንቅላት የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ያረጀው መጽሐፉ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው የለም። ይህን እዚያው ሱቅ ቆሞ በ20 ደቂቃ መለየት ስለሚቻል፣ የትኛው ገጽ ተገልጦ ምን እንደሚታይ ልጻፍ።

መጀመሪያ የሚገለጠው የኅትመት ገጹ ነው። የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ ዓመቱና መጽሐፉ የሚያስተምርበት ሶፍትዌር ስሪት። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ኤስኪውኤል ራሱ የቆየ ቋንቋ ነው። የአይቢኤም ተመራማሪው ኤድጋር ኮድ መረጃን በተዛመዱ ሠንጠረዦች የማስቀመጡን ሐሳብ በ1970 አወጣ፤ ቻምበርሊንና ቦይስ እዚያው አይቢኤም ሆነው በ1974 የቋንቋውን መነሻ ጻፉ፤ በ1986 የአሜሪካ፣ በ1987 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ስለዚህ የ20 ዓመት መጽሐፍ ውስጥ ያለው የሰሌክት (መረጃ መርጦ የሚያወጣው ትእዛዝ) ምዕራፍ ዛሬም በአብዛኛው ይሠራል። የሚያረጀው በዙሪያው ያለው ነው። ለምሳሌ ማይኤስኪውኤል የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ድረ ገጽ ከሚሠራበት ከፒኤችፒ ቋንቋ ጋር የሚያስተምር መጽሐፍ በ«ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» እና በ«ማይኤስኪውኤል ኪውሪ» ፈንክሽኖች (የተዘጋጁ ትእዛዞች) የሚጀምር ከሆነ፣ እነዚያ በ2015 መጨረሻ በወጣው ፒኤችፒ 7 ጨርሰው ተሰርዘዋል። ተማሪው ፊደል በፊደል ቢገለብጥም «እንዲህ የሚባል ፈንክሽን የለም» ከማለት ሌላ መልስ አያገኝም። ከማይኤስኪውኤል 5.7 በፊት የተጻፉ መጽሐፎች ደግሞ ረድፎችን በቡድን የሚሰበስበውን ግሩፕ ባይን በልቅነት ይጠቀማሉ፤ በቀበሌ ደምረው የሰውን ስም ሳይደምሩ አብረው ያወጣሉ። አዲሱ ስሪት ይህን በስህተት ቁጥር 1055 ይመልሰዋል፤ መመለሱም ልክ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። መጽሐፉ አዲስ ሆኖ የተጫነው ሶፍትዌር ያረጀ ሲሆን፣ «ኪሎ ከዜሮ በላይ ይሁን» የሚለውን የቼክ ገደብ ከ8.0.16 በፊት ያለው ማይኤስኪውኤል ተቀብሎ ዝም ይላል እንጂ አያስከብረውም። ከዜሮ በታች የሆነ ኪሎ ሰተት ብሎ ይገባል። ፒኤችፒንና ዳታቤዝን በአንድ ላይ የሚጭነውን ዛምፕን የጫነ ሰውም ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ መሆኑን ይወቅ፤ ከማይኤስኪውኤል ጋር የሥጋ ዘመድ ቢሆንም የስሪት ቁጥሩ ሌላ ነው።

የተባዛ መጽሐፍ ላይ የኅትመት ገጹ ብዙ ጊዜ ተዘሎ ይገኛል። ያኔ ሥዕሎቹን ማየት ነው፤ መስኮቶቹ የዊንዶውስ ኤክስፒ መልክ ካላቸው ወይም ፕሮግራሙ የሚጻፈው በቪዥዋል ቤዚክ 6 ከሆነ ወደ መደርደሪያው ይመለስ።

ከመጽሐፉ በፊት ሶፍትዌሩ ይመረጥ። መብራት በሚቆራረጥበትና ኢንተርኔት በሚወደድበት ቦታ ለሚማር ሰው ኤስኪውላይት የተባለው ትንሽ ዳታቤዝ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሰርቨር (ሁልጊዜ የሚሠራ አገልጋይ ፕሮግራም) የለውም፣ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ነው፣ በፍላሽ ይዞራል፣ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲጫን አብሮ ይመጣል። ሁለት ጠባዩ ግን መነገር አለበት። አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያስተሳስረውን ፎሪን ኪን ካላዘዙት በስተቀር አያስከብርም፤ በእያንዳንዱ ግንኙነት «ፕራግማ» በሚባለው ትእዛዝ ማብራት ያስፈልጋል። የቁጥር ዓምድ ውስጥ ጽሑፍ ሲገባም በነባሪው (ሳይነኩት ባለው አሠራሩ) አይከለክልም። ስለ ኤስኪውላይት የተጻፈ መጽሐፍ እነዚህን ሁለቱን ካላነሳ፣ ጸሐፊው ራሱ አልተጠቀመበትም ብዬ እጠረጥራለሁ። ጀማሪው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ቢሻገር ኮስታራ አስተማሪ ያገኛል። የማይክሮሶፍት አክሰስ ሠንጠረዥና ዝምድና በዓይን ለማየት ይጠቅማል፤ ኪውሪውን (ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ) በመዳፊት ስለሚያስጎትት ግን እጅ ሳይፈታ ይቀራል። ትልልቆቹን የድርጅት ዳታቤዞች ኦራክልንና ኤስኪውኤል ሰርቨርን ሥራ ቦታው ለሚጠይቅ ሰው ልተዋቸው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ሆድ። መጽሐፍ የሚፈተነው ስለ ጆይን፣ ማለትም ሠንጠረዦችን ስለ ማያያዝ፣ በሚያስተምርበት ምዕራፍ ነው። ጅማ ተቀምጦ ሌላ ምሳሌ መፈለግ ስለማያስፈልግ ቡናን እንውሰድ። አንድ እሸት ቡና ተቀባይ አርሶ አደር፣ ርክክብና ክፍያ የሚሉ ሦስት ሠንጠረዦች አሉት እንበል። አንዱ አርሶ አደር ሦስት ጊዜ 30፣ 40 እና 50 ኪሎ አስረከበ፤ ድምሩ 120። ሁለት ጊዜ 4,000 እና 5,000 ብር ተከፈለው፤ ድምሩ 9,000። ጀማሪው ሦስቱንም ሠንጠረዥ በአንድ ጆይን አያይዞ ሲደምር 240 ኪሎና 27,000 ብር ይወጣለታል። እያንዳንዱ ርክክብ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ስለሚጣመር 6 ረድፍ ተፈጥሯል፤ ኪሎው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ብሩ ሦስት ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። ኮምፒውተሩ ስህተት አላለም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። መፍትሔው ርክክቡን ለብቻ፣ ክፍያውን ለብቻ በግሩፕ ባይ ደምሮ ከዚያ በኋላ ማያያዝ ነው። ይህን ወጥመድ በምሳሌ የሚያሳይ መጽሐፍ ከተገኘ ሌላው ምዕራፍ ደካማ ቢሆን እንኳ ይያዝ። ሠንጠረዦችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ደርድሮ ማገናኛውን ዌር (የማጣሪያ ሁኔታ የሚጻፍበት ክፍል) ውስጥ የሚደብቅ ግን አይመከርም፤ ማገናኛው አንድ ጊዜ ከተረሳ 500 አርሶ አደርና 2,000 ርክክብ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ሆነው ይመጣሉ።

ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያለው ማውጫ ይገለጥና «ኑል» የሚለው ቃል ይፈለግ። ኑል ማለት ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም፤ ያልታወቀ ማለት ነው። «በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትን አውጣ» የሚለው «ኖት ኢን» ሲጻፍ ዝርዝሩ ውስጥ አንዲት ኑል ከገባች ውጤቱ ባዶ ይሆናል። ተዛማጅ የሌለውን ረድፍ ጭምር በሚያወጣው ሌፍት ጆይን ላይ ሁሉን ረድፍ የሚቆጥረው «ካውንት ኮከብ» ምንም ላላስረከበ አርሶ አደር 1 ይሰጣል፤ የርክክቡን መለያ ቁጥር ሲያስቆጥሩት ግን 0 ይላል። ማውጫው ውስጥ ለኑል አንድ ገጽ ብቻ ከተመደበ መጽሐፉ ይህን ሁሉ ዘልሎታል።

ስለ ንድፍ የሚያስተምር ምዕራፍ ከኪውሪው ቀድሞም ተከትሎም ሊመጣ ይችላል፤ መኖሩ ግን ግድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የኖርማላይዜሽን (መረጃ እንዳይደጋገም ሠንጠረዥ የመከፋፈል) ደረጃዎች በትርጉም ብቻ ዘርዝሮ የሚያልፍ አይረዳም። ጥሩው መጽሐፍ አርሶ አደሩ 40 ጊዜ ባስረከበ ቁጥር ስልኩም 40 ቦታ ሲጻፍ፣ ስልኩ የተለወጠ ቀን ምን እንደሚፈጠር ያሳያል። ከዚያም አልፎ መደጋገም ትክክል የሚሆንበትን ቦታ ይጠቁማል፦ የዕለቱ ዋጋ ርክክቡ ረድፍ ላይ መጻፍ አለበት። የዋጋ ሠንጠረዥ ላይ ብቻ ተቀምጦ ዛሬ ከተለወጠ የትናንቱ ሒሳብ አብሮ ይናዳል። ብርና ኪሎ በፍሎት (በግምት በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) ሳይሆን በዴሲማል (በልኩ በሚይዘው) መቀመጥ አለባቸው፤ በፍሎት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ልክ 0.3 አይሆኑም። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ አንዱ በፈረሱላ ሌላው በኪሎ እንዳይመዘግብ በኪሎ ብቻ አስቀምጦ ሲያሳዩ መቀየር ይሻላል።

የውጭ መጽሐፍ ስለኛ መረጃ እንዲያስተምር አይጠበቅም። ቢሆንም የራሳችንን ምሳሌ ይዞ መጽሐፉን መፈተን ይቻላል። ሁሉም ማለት ይቻላል ስምን «የራስ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብለው ይከፍላሉ። እኛ ጋ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ሦስት ዓምድ ነው፤ ዝርዝሩም የሚደረደረው በራስ ስም ነው። ስልክ ቁጥር በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር ዓይነት) ከተቀመጠ የፊቷ ዜሮ ትጠፋለች። ፊደላችን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ እያንዳንዱ 3 ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ይወስዳል። ኦራክል ላይ በነባሪው «ቫርቻር2 (20)» ተብሎ የተሠራ ዓምድ የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ 6 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ «ወልደገብርኤል» 8 ፊደል፣ 24 ባይት ነውና ይመለሳል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደግሞ ዓምዱ «ኤንቫርቻር» መባልና ከጽሑፉ ፊት የእንግሊዝኛዋ ፊደል «ኤን» መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ የሚቀመጠው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። የማይኤስኪውኤል ነባሪ ከ8.0 በፊት የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ የሚይዘው ላቲን1 ስለነበር በአሮጌ መጽሐፍ የተሠራ ሠንጠረዥም አማርኛን አይዝም። «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በተለመደው ፍለጋ አያገኘውም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ የሚመልስ ተጨማሪ የመፈለጊያ ዓምድ መሥራት የኛው ሥራ ነው።

ቀን ከሁሉም ይብሳል። ጥቅምት 30 በኛ አቆጣጠር «2017-02-30» ተብሎ ቢጻፍ ፖስትግሬስኪውኤል አይቀበለውም፤ የካቲት ይሁን ጥቅምት አያውቅም፣ የሚያውቀው ፌብሩዋሪ 30 ቀን እንደሌለው ነው። ጳጉሜን በ13 ቢጽፉትም እንደዚያው። ኤስኪውላይት የተለየ የቀን ዓይነት ስለሌለው ሁለቱንም ያለ ቅሬታ ያስቀምጣል፤ ጉዱ የሚታየው በኋላ በቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ሲሰላ ነው። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ሲገባና ሲወጣ ፕሮግራሙ ይመንዝረው። ሰዓትም በ24 ሰዓት ይሁን።

አንድ ፈተና ቀረ፤ ለእኔ ይህን የወደቀ መጽሐፍ በነጻም አይወሰድም። ፕሮግራም ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ምዕራፍ ይገለጥ። ተጠቃሚው የጻፈውን ስም በመደመር ምልክት ወደ ኪውሪው የሚቀጥል ከሆነ መጽሐፉ ይዘጋ። በቁቤ የሚጻፉ አንዳንድ የአፋን ኦሮሞ ስሞች ላይ ሁዻ፣ ማለትም ነጠላ ጭረቷ ምልክት አለች። ዳታቤዙ ያቺን ምልክት የጽሑፉ መጨረሻ አድርጎ ስለሚወስዳት ኪውሪው ይሰበራል። ጅማ ውስጥ ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይደርሳል። በዚያችው ቀዳዳ ተንኮለኛ ሰው ያሻውን ትእዛዝ አስገብቶ መረጃ ማውጣት ይችላል። ጥሩው መጽሐፍ ቦታውን በጥያቄ ምልክት ወይም በስም ይዞ እሴቱን ለብቻ ያቀብላል፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ምሳሌ ጀምሮ ያደርገዋል እንጂ «ስለ ደህንነት» ብሎ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ አያቆየውም። የይለፍ ቃልን በቀላሉ በሚሰበረው በኤምዲ5 የሚያስቀምጥ መጽሐፍም ከዚሁ ረድፍ ነው።

መጽሐፉ ከተገዛ በኋላ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር። የምሳሌው መረጃ ከኢንተርኔት የሚወርድ ከሆነ አድራሻው መኖሩ ከመግዛት በፊት በስልክ ይታይ። ኪውሪ ከፒዲኤፍ አይገልበጥ፤ ጥቅስ ምልክቶቹ የተጠማዘዙ ሆነው ስለሚመጡ ዳታቤዙ አያውቃቸውም። ፎቶ ኮፒው የኮፒ ኮፒ ሲሆን ደግሞ የታች ሰረዝ ይጠፋል፣ ነጠላ ሰረዝና ነጥብ ይመሳሰላሉ፣ 1 ቁጥርና የእንግሊዝኛዋ ኤል አይለዩም፤ ስህተት ሲወጣ መጀመሪያ እነዚህ ይታዩ። አፕዴት (ማስተካከያ) ወይም ዲሊት (መሰረዣ) ከመጻፉ በፊት ያው የዌር ሁኔታ በሰሌክት ይሞከር፣ ስንት ረድፍ እንደሚነካ ይቆጠር፣ ከዚያ ትራንዛክሽን (እስኪጸድቅ ድረስ ሊመለስ የሚችል ሥራ) ተከፍቶ ይሠራ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ በሮልባክ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። መልስ የሌለው መልመጃ ብቻውን ለሚማር ሰው ብዙም አይጠቅምም፤ ቢያንስ የግማሾቹ መልስ መጽሐፉ ላይ ይኑር።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። የኮምፒውተር መጽሐፍ ማስታወቂያ ወይም ቅኝት ስታወጡ ከርዕሱና ከዋጋው ጎን የታተመበትን ዓመት፣ የሶፍትዌሩን ስምና የስሪት ቁጥር አንድ መስመር ጨምሩበት። የከተማችን መጻሕፍት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍትም ይህንኑ መስመር በወረቀት ጽፈው መጽሐፉ ጀርባ ላይ ቢለጥፉት ተማሪው ገና መደርደሪያው ጋ ቆሞ ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ከጅማ