ስለ ስግድ ለጠየቅከኝ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበርና መልእክትህ ሲደርሰኝ እጅግ ደስ አለኝ። በከተማችሁ ያሉትን የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰቦችና የሌሎቹን አይሁድ፣ የምኩራቡን ሰዎች፣ አንድ ላይ ሰብስበህ ዓመታዊ በዓላችንን ስግድን ለማክበር ማሰብህ ደግሞ ደስታዬን እጥፍ አደረገው። ከምን ልጀምር ብለኸኛል። ከጭፈራውና ከምግቡ አትጀምር። ስግድ ጾም፣ ኑዛዜና ቃል ኪዳን ማደስ ነው፤ ድግሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሰዉ በልቶ፣ ጨፍሮ፣ እንደተኳረፈ ወደ ቤቱ ይገባል።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠር። ዮም ኪፑርን (የስርየትን ቀን)፣ ሽማግሌዎቻችን አስተስርዮ የሚሉትን፣ አንድ ብለህ ስትነሳ ኃምሳኛው ቀን ስግድ ነው፤ በዕብራይስጡ አቆጣጠር የሔሽቫን ወር 29። ብዙ ሰው ከአስተስርዮ ማግስት መቁጠር ይጀምርና በአንድ ቀን ይሳሳታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በመካከሉ ሰባት ሙሉ ሳምንት ስላለ ስግድ ምንጊዜም አስተስርዮ በዋለበት ዕለት ይውላል። በ2026 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ሰኞ ናቸው፤ ስግዱ ኖቬምበር 9፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ቀን 2019 ነው። ሰንበት (ቅዳሜ) ላይ ሲወድቅ በእስራኤል ቀደም ብሎ ሐሙስ ይከበራል፤ በ2024 የሆነው እንደዚያ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው በነዚያ ሰባት ሳምንታት ውስጥ ነው። በአስተስርዮ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ኃጢአት ይጸልያል፤ በስግድ ግን ማኅበሩ በሙሉ አንድ ሆኖ ይቆማል። ተጣልቶ የከረመ ማኅበር ደግሞ አብሮ ሊናዘዝ አይችልም። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ምረጥ፤ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ ወገን አይሁኑ። አማርኛ ተናጋሪም ትግርኛ ተናጋሪም ካላችሁ ከሁለቱም ይኑሩበት። የተጣሉትን በየቤታቸው ሄደው ለየብቻ ያዳምጧቸው፣ ከዚያ ያገናኟቸው። የገንዘብ ጉዳይ ካለ ሂሳቡ በወረቀት ተጽፎ የሚከፈልበት ቀን ይቆረጥ፤ ገንዘቡ ሳይነሳ "ይቅር ተባባሉ" የተባለ ጠብ እስከ ፋሲካ ድረስ እንኳን ሳይቆይ ይመለሳል። ዕርቁን ለበዓሉ ጠዋት ማስቀረት ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። ሰው ፊት መጨባበጥ ይሉኝታ እንጂ ዕርቅ አይደለም።

የሥርዓቱን መሠረት ነህምያ ምዕራፍ 8 እና 9 ላይ ታገኘዋለህ። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በኢየሩሳሌም በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ይሰበሰባል። ወንዱም ሴቱም፣ ሰምቶ ማስተዋል የሚችል ሁሉ አለ። ዕዝራ ሕጉን ከማለዳ እስከ ቀትር ያነባል፤ ሌዋውያኑ እየተከታተሉ ለሕዝቡ ያስረዳሉ። በወሩ በ24ኛው ቀን ደግሞ ጾመው፣ ማቅ ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ ትቢያ ነስንሰው ይመጣሉ። የቀኑን ሩብ ሕጉን አነበቡ፣ ሩቡን ተናዘዙና ሰገዱ ይላል። የተናዘዙት የራሳቸውን ኃጢአት ብቻ ሳይሆን የአባቶቻቸውንም በደል ነው። ከዚያም ቃል ኪዳኑን በጽሑፍ አድርገው አተሙበት።

በጎንደር በኩል እንደ አምቦበር ባሉ ቦታዎች ሲከበር ሰዉ በዋዜማው ገላውንና ልብሱን አጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ እህል ሳይቀምስ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ፣ የቤተ እስራኤል ካህናት ማለቴ ነው፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን በግእዝ የተጻፈ ኦሪት ይዘው በጃንጥላ ጥላ ሥር ይቀድማሉ፤ ሕዝቡ ድንጋይ በራሱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ ይከተላል። ድንጋዩ በፈጣሪ ፊት ዝቅ የማለት ምልክት ነው፤ ባለጸጋውም ደሃውም እኩል ጎንበስ ብሎ ይሸከማል። ላይ ሲደርሱ በጸሎቱ ስፍራ ዙሪያ ያኖሩታል። በዚያም ለሞቱ ዘመዶቻቸው መታሰቢያ እህል የሚያስቀምጡ ነበሩ። ጸሎቱ ወደ ኢየሩሳሌም ፊትን አዙሮ፣ በግእዝ፣ በስግደትና እጅን ወደ ሰማይ በመዘርጋት ነበር።

አንተም ይህን ሥርዓት አጥብቀህ ያዝ። ተራራ ባይኖር ከፍ ያለ መናፈሻ ይበቃል፤ አረጋውያን ሊወጡት የሚችሉት ይሁን፣ አቅጣጫውንም በኮምፓስ አስቀድመህ እይ። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጆቹም ጭምር፣ በእጅ የሚያዝ አንድ ድንጋይ አዘጋጅ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጉዞው ይጀመር። ቄስ ከሌላችሁ ከሩቅም ቢሆን ጋብዙ፤ ማረፊያና ትራንስፖርት ከአንድ ወር በፊት ይያዝለት። ኦሪት ዘጸአት 20 አሠርቱ ትእዛዛቱ ያሉበት ስለሆነ አይቅር፣ ነህምያ 9 እንዲሁ።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ንባቡ ላይ ነው። ቄሱ ግእዙን አንድ ሰዓት ሙሉ ካነበበ በኋላ አምስት ደቂቃ ማጠቃለያ በአማርኛ ሲሰጥ ወጣቶቹ ቀስ እያሉ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ እነሱን መውቀስ አይገባም። አንድ አንቀጽ በግእዝ፣ ወዲያው በአማርኛ፣ ከዚያ በአገሩ ቋንቋ ይነበብ። ሌዋውያኑም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የአገሩን ቋንቋ ወጣቶች ያንብቡት፣ ከሳምንት በፊትም ይለማመዱት። የእንግዶች ንግግር ከጾሙ መፍቻ በኋላ ይሁን። ጸሎት አቋርጦ የሚገባ የባለሥልጣን ሰላምታ የቀኑን መንፈስ ይሰብረዋል፤ በዚህ ጉዳይ ማንንም አትፍራ።

ስምንት ሰዓት ገደማ በዝማሬ ወርዳችሁ ጾሙን በዳቦ ፍቱ። ለ70 ሰው 5 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ሦስት ሊትር ከሩብ ያህል ውኃ፣ 50 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 90 ግራም ጨው፣ ሩብ ሊትር ዘይትና እንደ ፍላጎትህ ጥቁር አዝሙድ። ወተትም ቅቤም አይግባበት፤ ከሥጋ ጋር መቅረብ ስላለበት፣ በአይሁድ ሕግ ደግሞ ሥጋና ወተት አብረው ስለማይበሉ። የዶሮ ወጡም በዘይት ይሠራ። ለጋስ እናት "ለማጣፈጫ" ብላ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨምራ የምኩራቡ ሰዎች ማዕዱን ሳይነኩት ይቀራሉ፤ አብሮ መብላቱም ቀረ ማለት ነው። ይህን ለሚያበስሉት ሁሉ በግልጽ ንገር። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ከ1.67 ኪሎ በላይ ከተቦካ በብዙዎች ዘንድ ከሊጡ ድርሻ ተለይቶ ይባረክበታል፤ ረቢያችሁን ጠይቅ። ወፍራም ዳቦ በከፍተኛ እሳት ከተጋገረ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራልና በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ቄሱ ባርኮ ቆርሶ እስኪያድል ድረስ ማንም አይቅመስ።

የምኩራቡ ሰዎች "ኢየሩሳሌም ከገባችሁ በኋላ ስለ ምን ትጾማላችሁ?" ብለው እንደሚጠይቁህ አልጠራጠርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእስራኤል ስግድ አልቀረም፤ ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፣ በየዓመቱም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የቤተ መቅደሱ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት በኢየሩሳሌሙ የአርሞን ሃናጺቭ መናፈሻ ይሰበሰባል። ቤተ መቅደሱ አልተሠራም። ወደ እስራኤል ሲጓዙ በሱዳን በረሃ የቀሩት ሙታን አሉ፤ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዘመዶቻቸውን ለመቀላቀል ዛሬም የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ቃል ኪዳኑም ቢሆን አንድ ጊዜ ታድሶ የሚያበቃ አይደለም። ይህን በአጭሩ መልስላቸውና እነሱም ድንጋይ ይዘው አብረው ይውጡ። እንደ ተመልካች ከዳር አታስቁማቸው፤ በሲና ተራራ ሥር የቆሙት የእነሱም አባቶች ናቸው።

የሽማግሌዎቹን ምርጫ አታቆየው፤ ከአስተስርዮ በፊት ካልተሰየሙ ጊዜ አይበቃቸውም። ቄሱን ያገኛችሁ እንደሆነ የትኞቹን ምዕራፎች እንደሚያነብ ጠይቀህ ጻፍልኝ፤ የአማርኛውን በትልልቅ ፊደል አትሜ እልክልሃለሁ።

ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

የዘወትር ወዳጅህ