ኢትዮጵያ በበረዶው ኦሊምፒክ ነበረች፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሚላኖ ኮርቲናው የክረምት ኦሊምፒክ በስፖርት ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡናዬን ይዤ ሳነብ «ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ተሳትፋ አታውቅም» የሚለው ላይ ስደርስ ስኒውን አስቀመጥኩ። ተሳትፋለች፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ። ሁለቱንም ጊዜ ባንዲራዋን ይዞ የገባው፣ የተወዳደረውም አንድ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም። ለሁለተኛው ምስክሩ እኔ ራሴ ነኝ።

የምኖረው ከቫንኩቨር አጠገብ በርናቢ ነው። ያኔ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እጠብቅ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ያለ ሳንቲም ክፍያ በረዶ ላይ ልቆም ነው ስላት ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ አሞሃል?» አለችኝ። ደሴ ያለችው እናቴማ በስልክ «ደግሞ በየካቲት ምን ክረምት አለ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ለእኛ ክረምት ማለት ሐምሌና ጭቃ ነው።

ከፓራሊምፒኩ ጋር ወደ 25,000 የምንጠጋ በጎ ፈቃደኞች ነበርን። ሰማያዊ ጃኬት፣ ሱሪና ኮፍያ ሰጡን፤ በተረኝነት ቀን ምግብና አውቶቡስም ነበር። ማደሪያ ግን የራስህ ጣጣ ነው። እኔ ስኳሚሽ በምትባለው ከተማ ከአንድ ያገሬ ልጅ ቤት መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ ወደ ካላገን ሸለቆ፣ ዊስለር ኦሊምፒክ ፓርክ ወደተባለው የውድድር ቦታ እሄዳለሁ። ሥራዬ በር ላይ ትኬት ማየትና ሰው መምራት ነበር። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሥራ «መጸዳጃ ቤቱ በስተግራ ነው» ማለት ነው።

ያ ዓመት ለበረዶ የሚሆን አልነበረም፤ ሞቀ። ሳይፕረስ በተባለው ተራራ ላይ በረዶ በካሚዮንና በሄሊኮፕተር እያመጡ፣ ከሥሩ ጭድ እየከመሩ ነው ውድድሩን ያካሄዱት። እኛ ጋ በረዶው ነበረ፤ ከሰዓት በኋላ ግን እንደ ገንፎ ይላላል፣ ጫማ ይውጣል።

የሮቤል ውድድር፣ 15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ፣ የካቲት 8 ቀን 2002 ዓ.ም. ነበር፤ የቅድስት ሰኞ። ምሳ ብለው የሰጡኝ ሳንድዊች የአሳማ ሥጋና አይብ ነበረበት። አሳማውንስ ጾምም ባይሆን አልበላውም። ከአልበርታ ለመጡ አንድ ጡረተኛ ባልደረባዬ ሰጠኋቸውና ከኪሴ ቆሎ አወጣሁ። ትንሽ ዘግኜ ባካፍላቸው አገላብጠው አይተው «በምን ዘይት ነው የጠበሳችሁት?» አሉ። በደረቁ መሆኑን ስነግራቸው አላመኑም። ግን አላቆሙም፤ ሳንድዊቹን ትተው ቆሎዬን ጨረሱብኝ።

በዚህ ውድድር ተወዳዳሪዎቹ በየ30 ሰከንዱ አንድ አንድ እየሆኑ ይነሳሉ፤ ሰዓቱ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ ማን እየመራ እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ሁሉም አሸናፊ ይመስላል። አለቃዬን አሥር ደቂቃ ለምኜ ዳገቱ ሥር ወዳለው አጥር ሮጥኩ። ባንዲራ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ነገር ግን ዩኒፎርም ለብሰን ለማንም እንዳናዳላ ተነግሮናልና አላወጣኋትም። አፌን ግን ማን ይይዘዋል? ሮቤል በሁለቱ ዘንጎች በረዶውን እየወጋ ዳገቱን ሲጀምር «አይዞህ! በርታ ወንድሜ! አይዞህ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የላም ቃጭል የያዙ አንዲት ኖርዌያዊት አሮጊት ነበሩ፤ ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ። በእንግሊዝኛ ልፈታው ብሞክር አልሆነልኝም። እሳቸው ፍቺውን ሳይጠብቁ «አይዞ! አይዞ!» እያሉ ቃጭሉን ይደውሉት ጀመር። ወደምሠራበት በር ስመለስ ከኋላዬ አጥሩን ተደግፈው የቆሙት ሁሉ ለሚመጣው ሁሉ «አይዞ!» ይሉ ነበር፤ ለፊንላንዱም፣ ለማንም።

ስዊዘርላንዳዊው ዳሪዮ ኮሎኛ በ33 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ አሸነፈ። ሮቤል 93ኛ ወጣ፤ ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትሩ 83ኛ ነበር። ቁጥሩን አይቶ የሚስቅ አለ፤ እኔም ከአንዳንድ ያገሬ ልጆች ጋር በዚሁ ተጣልቻለሁ። የሚስቅ ሰው ያችን ዳገት ባዶ እጁን በእግሩ ይውጣትና እንነጋገር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ እርማቱን አውጡልኝ። ስሙን ስታትሙም «ተክለማርያም» ብላችሁ በትክክል ጻፉት፤ የውጤት ሰሌዳው ላይ በላቲን ፊደል ሲያነቡት ያኔ አስተዋዋቂዎቹ ምላሳቸው ተሳስሮ ነበር፤ እናንተ ግን ሰበብ የላችሁም።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከበርናቢ፣ ካናዳ