እህትዓለም፣ ላውራ ለምን ተከናነበች?

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው?

ስንት ጊዜ ሆነን ከተጻጻፍን! አንቺም በኑሮሽ፣ እኔም በኑሮዬ ስንባክን ጊዜው ነጎደ። ባለፈው በቪዲዮ ስንገናኝም ወሬው ሁሉ የቤት ኪራይና የሥራ ነገር ሆኖ ሳንጠግብ ተለያየን። ስለዚህ ዛሬ ኑሮን ትተን እንደ ካምፓስ ጊዜያችን እንጨዋወት። ያኔ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ የምንከራከርበት ነገር ትዝ ይልሻል? አንቺ "ፍቅር የሚገባው በዓይን ነው፣ ሌላው ወሬ ነው" ትይ ነበር። እኔ ደግሞ ሽንጤን ገትሬ "መጀመሪያ ልብ ካልፈለገ ዓይን ምን ያያል?" እልሽ ነበር። ሰሞኑን የአውሮፓን የሬኔሳንስ ዘመን (የጥንቱ ጥበብ ዳግም ያበበበት ጊዜ) የፍቅር ግጥሞች፣ ከነሱም ጋር ስለ ማየት የተፈላሰፉ ሰዎችን ሳነብ ከረምኩና ያ ክርክራችን እንዳለ ተነሳብኝ። አንቺን የሚደግፉ መዓት ናቸው። እኔንም የሚደግፉ ግን አልጠፉም።

ከጣሊያናዊው ገጣሚ ከፔትራርካ ልጀምር። ሰውዬው በጣም የሚወደው፣ በእጅ የተጻፈ የጥንቱ ሮማዊ ገጣሚ የቨርጂል መጽሐፍ ነበረው። እዚያ ላይ ስለሚወዳት ሴት ስለ ላውራ የግሉን ማስታወሻ አስፍሯል። ላውራ መጀመሪያ ለዓይኖቼ የታየችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1327 በማለዳ፣ አቪኞን ከተማ፣ በቅድስት ክላራ ቤተ ክርስቲያን ነው ይላል። በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያራቁት ደግሞ በዚያው ወር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሞተች። ትውውቅ የለም፣ ጨዋታ የለም፤ መታየት ብቻ። ግጥሙ ላይ ቀኑን ስቅለት ያደርገዋል። ሰው ሁሉ ሐዘን ላይ ነው፣ እሱም ራሱን ለመጠበቅ አላሰበም፣ ከዓይን ወደ ልብ የሚወስደው መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፍቅር በዚያ ገባ። በኋላ ያው በር የእንባ መውጫ ሆነ ይላል። (የዚያ ዓመት ስቅለት የዋለው ኤፕሪል 10 ነው። እኔ ግን አልከፋኝም፤ ለሱ ስቅለቱ ያ ቀን ነው።)

የዚህ ሐሳብ ሥር ከፔትራርካ ይቀድማል። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ወደኋላ ብትሄጂ፣ በሲሲሊ በንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ቤተ መንግሥት የውል ጸሐፊ የነበረ ጃኮሞ ዳ ሌንቲኒ የሚባል ሰው ታገኛለሽ። ሶኔት የሚባለውን የ14 መስመር ግጥም የፈጠረው እሱ ነው ይባላል። ታዲያ አንዱ ግጥሙ ላይ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ ይህቺን የምታህል ሴት በነዚህ ትንንሽ ዓይኖቼ እንዴት ልትገባ ቻለች? ልቤስ ውስጥ እንዴት ተቀመጠች? ጥያቄው የልጅ ይመስላል፣ ግን አይደለም። መልሱም የሚገርም ነው። መስታወት ውስጥ ያለ መብራት መስታወቱን ሳይሰብር ብርሃኑ እንደሚያልፍ፣ እሷም እንደዚያ አለፈች። ልቤ ውስጥ የገባችው እሷ ራሷ አይደለችም፣ መልኳ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በይ፣ ምክንያቱም ይሄ የአሪስቶትል ትምህርት ነው። አሪስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው ላይ፣ ሰም የማኅተም ቀለበት ሲጫነው ወርቁን ወይም ብረቱን ሳይወስድ ቅርጹን ብቻ እንደሚቀበል፣ ስሜት ሕዋሳቶቻችንም ነገሩን ትተው መልኩን ይቀበላሉ ይላል። ፈላስፋው ይሄን ያለው ዕውቀት እንዴት እንደሚገኝ ለማስረዳት ነው። ገጣሚው እጅ ሲገባ ግን ሐዘን ሆነ። የምወደው ሰው ውስጤ አለ፣ እሱ ግን አይደለም። አንቺ እዚያ ማዶ ሆነሽ እኔ ጋ ያለው መልክሽ ብቻ ነው፣ እሱም የቱ ጋ እንደቀረ እንጃ።

አሁን ወደ ፍሎረንስ ነይ። ማርሲሊዮ ፊቺኖ የሚባል ፈላስፋ በ1469 ፕላቶ ስለ ፍቅር የጻፈውን የግብዣ ወግ አብራርቷል፤ ከሱ በኋላ የመጡ ገጣሚዎች ብዙ ቀድተውበታል። ለሱ ዓይን በር ብቻ አይደለም፣ ይወረውራልም። የልብ ሙቀት ከደም ቀጭን እንፋሎት ያወጣል፣ እንፋሎቱ በዓይን ጨረር ተሳፍሮ ይወጣል፣ የዚያኛውን ሰው ዓይን ወግቶ እስከ ልቡ ይወርዳል፣ እዚያ ደርሶም ተመልሶ ደም ይሆናል። የወደደ ሰው የሌላ ሰው ደም ውስጡ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ለማስረጃም የቀላ፣ የታመመ ዓይን ላይ ያፈጠጠ ሰው እሱም ዓይኑን ይታመማል ይላል። ፍቅርን ከክፉ ዓይን ጋር አንድ ላይ ነው የሚመድበው። ለኛ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የሕፃን ፊት እየተሸፈነ፣ "ከሰው ዓይን ያውጣህ" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው።

ማየት እንዴት እንደሚሠራ ግን ክርክር ነበረበት። ካይሮ ይኖር የነበረው ሊቅ ኢብን አል-ሃይሰም በ11ኛው መቶ ዘመን ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይን እንደሚገባ አስረድቷል፣ ሥራውም ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ተነቧል። በ1604 ደግሞ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ምስሉ ከዓይን ኋላ ባለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና ላይ ተገልብጦ እንደሚያርፍ ጻፈ። ገጣሚዎቹ ከዓይን የሚወጣውን ጨረር ግን ቶሎ አልለቀቁትም። ደግ አደረጉ። ሰው ሲያፈጥብሽ ፊትሽ ላይ የሚያርፈውን ነገር ታውቂዋለሽ አይደል? እሱን ለመናገር ከጨረሩ የተሻለ አላገኘሁም።

ወደ ላውራ የመለሰኝም ይሄው ነው። ፔትራርካ ለሷ ከጻፋቸው መጀመሪያ አካባቢ አንድ አጭር ግጥም አለ። እመቤቴ፣ ፍቅሬን ካወቅሽ ወዲህ በፀሐይም ሆነ በጥላ ዓይነ ርግብሽን ስታወልቂ አላየሁሽም ይላታል። ሐሳቤን ደብቄ ሳለሁ ፊትሽ ርኅራኄ ነበረው፣ ካወቅሽ በኋላ ግን ፀጉርሽ ተሸፈነ፣ ዓይንሽም ወደ ራሱ ተሰበሰበ። አንባቢው ሁሉ ለሱ ነው የሚያዝነው። እኔ ግን እሷን አየሁ። በዚያ 366 ግጥም ባለበት መድብል ውስጥ ፀጉሯን፣ ዓይኗን፣ እጇን ለየብቻ እናውቃለን፤ ሙሉ ሰው ሆና ስትቆም ግን እምብዛም አናያትም። እዚህ ግን ቁልጭ ብላ ትታያለች። የሰውዬውን አስተያየት አነበበች፣ ምን እንደሆነ ገባት፣ ተከናነበች። የአሪስቶትል ቀለበት ፈቃድ የለውም፣ ሰሙ ላይ ያርፋል በቃ። ላውራ ግን እምቢ ማለት ትችላለች። ስለ ማየት የተጻፈው ፍልስፍና አብዛኛው ከሚያየው ወገን ነው፤ የምትታየው ደግሞ መልሳ እያየች መሆኑን ይረሳል። ይሄ ነገር በእውነት ያሳስበኛል፤ እኔና አንቺ በየመንገዱ እየታየን ነው ያደግነው።

ሼክስፒር ጋ ስትደርሺ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1609 የታተሙ 154 ሶኔቶች አሉት። 113ኛው ላይ ከምወደው ሰው ከተለየሁ ወዲህ ዓይኔ ያለው አእምሮዬ ውስጥ ነው ይላል፤ ቁራም ይየው ርግብ፣ ተራራም ይየው ባሕር፣ ሁሉንም በሚወደው ሰው መልክ ይቀርጸዋል። 148ኛው ላይ ደግሞ ይጨንቀዋል። ፍቅር ምን ዓይነት ዓይን ነው ጭንቅላቴ ላይ የተከለብኝ፣ እውነተኛ ማየት የማያውቅ? ወይስ ዓይኔ ደህና ሆኖ ፍርዴ ነው የጠፋው? ይሄኔ ነው አንቺን የረታሁሽ! ዓይን ገለልተኛ ምስክር አይደለም። ፍቅር በዓይን ገብቶ ብቻ አይቀርም፤ ዓይኑን ራሱን ይለውጠዋል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴይን በ1580 ያሳተመው ጽሑፍም ከዚሁ ይገጥማል። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ሁሉን ነገር ቢጫ አድርጎ ያያል ይልና፣ ታዲያ የማናችን ዓይን ትክክል እንደሆነ በምን እንፈርዳለን ብሎ ይጠይቃል። መፍረጃችንን ለመመዘን ሌላ መፍረጃ ያስፈልጋል፣ ለሱም ሌላ፣ ማለቂያ የለውም። ለፈላስፋ ይሄ ቁጭ ብሎ የሚያስበው ጥያቄ ነው። ላፈቀረ ሰው ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት እንግሊዛዊውን ገጣሚ ጆን ደንን ነው። ግጥሞቹ የታተሙት በ1633፣ ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው። አንዱ ላይ ሁለት ሰዎች አበባ ያለበት ጉብታ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይተያያሉ። የዓይናቸው ጨረር እርስ በርሱ ይገመድና ዓይኖቻቸውን በአንድ ድርብ ክር ይሰካቸዋል። ሌላው ላይ ፊቴ ያንቺ ዓይን ውስጥ፣ ፊትሽ የኔ ዓይን ውስጥ ይታያል ይላል። እዚህ በር የለም፣ ወጊ የለም፣ የምትደበቅም የለችም፤ ሁለቱም ያያሉ። በፕላቶ ስም በሚታወቀው አንድ ምልልስ ሶቅራጥስ ለአቴናዊው ወጣት ለአልኪቢያደስ፣ ዓይን ራሱን ለማየት የሌላ ሰው ብሌን ውስጥ መመልከት አለበት ይለዋል። ነፍስም እንደዚያው። ደን ይሄን ነገር ሁለት ሰዎች በፍቅር ሲተያዩ አሳየኝ። አንቺ፣ በቪዲዮ ስናወራ ለምን እንደማልጠግብ የገባኝም ያኔ ነው። ካሜራው ከስክሪኑ በላይ ነው ያለው። ዓይንሽን ሳይ አንቺ አንገቴን የደፋሁ ይመስልሻል፣ ካሜራውን ሳይ ደግሞ አንቺን አላይሽም። ስንት ሰዓት ብናወራ አንድም ጊዜ ዓይን ለዓይን አንገጣጠምም።

ብዙ ጻፍኩ መሰለኝ፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሉዊዝ ላቤ የምትባል የሊዮን ከተማ ገጣሚ አለች፣ የገመድ ሠሪ ልጅ። 1555 ላይ 24 ሶኔቶች አሳትማለች። በሷ ግጥም የምታየው ሴቷ ናት፣ ዓይኑን የሚያዞርባት ደግሞ ወንዱ። 2ኛው ሶኔት ቡናማ ዓይኖቹንና ዘወር ያለ አስተያየቱን በመጥራት ይጀምራል። አንቺ ፈረንሳይኛው ስላለሽ በራሱ ቋንቋ አንብቢውና ንገሪኝ፦ ዓይኑን ያዞረው ንቆ ነው ወይስ ፈርቶ? እሷስ ምን ያየች ይመስልሻል? መልስሽን በስልክ ሳይሆን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ደጋግሜ ላነበው እፈልጋለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእረፍት የምትመጪበትን ወር ከቆረጥሽም አሳውቂኝ፣ ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅ።